ወርክሾፑን ሥራ ይጠብቀው

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለነባሩ የምድር ባቡር ንብረት ኃላፊዎች
ለድሬዳዋ ሕዝብ

ጉዳዩ፦ ሥራ የፈቱት የባቡር ጥገና አዳራሾች የጋራ የሥራ ቦታ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ



የምጠይቀው ነገር አጭር ነው። በነባሩ የባቡር ግቢ ካሉት የጥገና አዳራሾች መካከል ሥራ የፈቱት ተጠግነው ለከተማችን ባለሙያዎች የጋራ የሥራ ቦታ ይሁኑ። ላፕቶፕ ይዞ የሚሠራው፣ ቶርኖ ላይ የሚቆመው፣ ልብስ የሚሰፋውና እንጨት የሚልገው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አቅምን ባገናዘበ ኪራይ ይሥሩባቸው። እኔ ለትናንሽ አምራቾች የማሽን ዕቃ ንድፍ በኮምፒውተር እየሠራሁ የምተዳደር የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የገፋው በዚሁ ወርክሾፕ በቶርነሪነት ነው። ግቢውን እንደ ቤቴ እወደዋለሁ፤ ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን የሥራ ችግር ነው።

ድሬዳዋን ባቡር እንደ ወለዳት የማያውቅ የለም። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ ከባድና ውድ ስለነበር መሥመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ አለፈ፤ በሜዳው ላይም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተክቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለብዙ ዓመታት ድሬ የመሥመሩ መጨረሻና የዕቃው ሁሉ መራገፊያ ሆና ቆየች፤ ከዚያም በኋላ የ784 ኪሎ ሜትሩ መሥመር ዋና የጥገና ቦታ እሷው ነበረች። የተሰበረው የሚጠገነው፣ ያለቀው የሚተካው እዚህ ነበር።

ይህ ጥገና ከተማዋን ምን እንዳደረጋት ልብ እንበል። አንድ ሎኮሞቲቭ ሲበላሽ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መሥመሩ ተዘግቶ አይቆይም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ብረት ይቀልጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይላጋል፣ ይበየዳል። ወጣቱ ረዳት ሆኖ ይገባል፤ መጀመሪያ መፍቻ ያቀብላል፣ ቀጥሎ ሞርሳ ላይ ሞረድ ይይዛል፣ ዓመታት ሲያልፉ ማሽን ይረከባል። ትምህርት ቤቱም መመዘኛውም ሥራው ራሱ ነበር። በዚያ መንገድ ያለፉ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ወይም ሥራው ሲቀዘቅዝ በከተማዋ ጋራዥ ከፈቱ፣ ብየዳ ቤት አቋቋሙ፣ ልጆቻቸውንና የጎረቤት ልጆችን አስተማሩ። ዛሬ በነምበር ዋን ሰፈርም ሆነ በሳቢያን «ይህን ዕቃ ማን ይሠራልኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚላክለት ባለሙያ ብዙ ጊዜ እጁ ከዚያ ግቢ የተፈታ፣ ወይም ከዚያ ግቢ ሰው የተማረ ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። በአሮጌው ሐዲድ ከአዲስ አበባ ድሬ ይመላለስ የነበረው ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር የራሱ ሰፊ ሐዲድ፣ የራሱ ጥገና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ የራሱ ጣቢያ አለው። አሮጌው ግቢ ጎብኚ ይገባበታል፣ ታሪኩም ይነገርበታል፤ ነገር ግን ያንን ሁሉ ሠራተኛ ያስተናግድ የነበረው ስፋት ዛሬ አብዛኛው ሥራ የለውም። ሥራ የሌለበት ሕንፃ ደግሞ ባለበት አይቆይም። ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ዝናብ ይገባል፣ ብረት ይዝጋል፣ ሽቦ ይሰረቃል። ከዚያ አንድ ቀን «አርጅቷል፣ ይፍረስ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ለመከራከር እንኳ ይዘገያል።

ቦታው መሐል ከተማ ነውና ፈላጊው ብዙ መሆኑንም እናውቃለን። የአዲስ አበባው ለገሃር አካባቢ በ2011 ዓ.ም. ለግዙፍ የሪል ስቴት ግንባታ ሲታጭ የቀድሞ ባቡር መሬት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አይተናል። ድሬም እያደገች ነው፤ የእኛም ተራ መምጣቱ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ግቢው ባዶ ሆኖ ከጠበቀ የሚከራከርለት ትዝታ ብቻ ይሆናል። መቶ ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት ሆኖ ከጠበቀ ግን የሚሟገትለት ሰው አለው። የዚህ ደብዳቤ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ለሥራ የተሠራን ቤት ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ሥራ ነው።

ችግሩን ከአንድ ትንሽ ሥራ ላሳያችሁ። የቀፊራ ሰፈር አንዲት የጁስ ቤት ባለቤት የማሽኗ ዘንግ ተበልቶ ማሽኑ ቆመባት። አዲስ ዘንግ ገበያ ላይ የለም። ዘንጉን ለካሁ፤ ንድፉን የሠራሁት ግን ካፌ ተቀምጬ፣ መብራት ሲጠፋ ሌላ ካፌ እየፈለግኩ ነው። ንድፉን ይዤ በባጃጅ ወደ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ቶርነሪው ወረቀቱን አየ፣ አሮጌውን ዘንግ በካሊበር ለካ፣ ጣቱን ክሩ ላይ አሳለፈና «ክሩ ወደ ግራ መዞር አለበት፤ ካለበለዚያ ማሽኑ ሲሽከረከር ይፈታል» አለኝ። የዚያ ዘንግ ክር ተልጦ ስለነበር አቅጣጫው በዓይን አይለይም፤ እሱ ግን የማሽኑን አዟዟር ጠይቆ ብቻ አወቀው። ንድፉን ላስተካክል ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ደግሞ ለዘንጉ ጎማ ሌላ ሰፈር መሄድ ነበረብን። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሱቋ ተዘግቶ፣ ፍራፍሬዋ እየተበላሸ ትጠብቃለች። እኔና ቶርነሪው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሃያ እርምጃ ተራርቀን ብንሠራ ያ ሥራ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

እንዲህ ተበታትነው የሚሠሩ ሰዎች ከተማዋን ሞልተዋል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ መሐንዲሶችንና የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ያስመርቃል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በስልካቸው የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ቤት ውስጥ አንዲት የስፌት ማሽን ይዘው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፉ እናቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚያጡት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የማይቋረጥ መብራት፣ አስተማማኝ ኢንተርኔት፣ ደንበኛ የሚቀበሉበት አድራሻ፣ ብቻውን አንድ ሰው ሊገዛው የማይችል ማሽን። በአዲስ አበባ እንደ አይስ አዲስ ያሉ ማዕከላት ወጣቱን አሰባስበው ሲያሠሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የድሬ ወጣት ይህን ለማግኘት ሻንጣውን ይዞ መሄድ የለበትም።

«ነፃ የንግድ ቀጠና አለን» የሚል መልስ ሊሰጠኝ ይችላል። ቀጠናው ለከተማችን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተሠራው በኮንቴይነር ለሚያስገባና በመቶዎች ለሚቀጥር ባለሀብት ነው። አንዲት የስፌት ማሽን ያላት እናትና አንድ ላፕቶፕ ያለው ወጣት እዚያ መግቢያ የላቸውም። ነገ እዚያ የሚገባው ድርጅት ዛሬ የሚፀነስበት ቦታ ነው የጎደለን።

አዳራሾቹ ለዚህ ይመቻሉ? ይመቻሉ። የባቡር ጥገና አዳራሽ ሎኮሞቲቭ እንዲገባበት፣ ጭሱ ወደ ላይ እንዲወጣበት ተደርጎ የሚሠራ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ውስጡ ያለ ብዙ ግድግዳ ክፍት፣ ወለሉ ከባድ ማሽን የሚሸከም ነው። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ከፍ ያለ ጣሪያ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፣ ከላይ መውጫ ካገኘ ከታች ቀዝቀዝ ያለው ይተካዋል። በኤር ኮንዲሽነር የታጨቀ የመስታወት ፎቅ ከምንሠራ የእነዚህን አዳራሾች መተንፈሻ ብንከፍት፣ ጣሪያውን ከውስጥ ሙቀት በሚከላከል ነገር ብናለብስ፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ያላቸውን ዛፎች ብንንከባከብ የመብራት ሂሳባችን ይቀንሳል። ለሎኮሞቲቭ ሆድ መፈተሻ የተቆፈሩት ጉድጓዶችም በጠንካራ ወፍራም ሳንቃ ቢሸፈኑ ገመድና የውኃ ቧንቧ የሚያልፍባቸው ቦዮች ይሆናሉ።

ከባድ የሆነውንም አልደብቅም። ለዘመናት ዘይትና ናፍታ የፈሰሰበት መሬት ሳይመረመር ሰው በላዩ ተቀምጦ መዋል የለበትም። በዚያ ዘመን በተሠሩ የባቡር ፉርጎዎችና የጣሪያ ሉሆች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባለው ለሳንባ አደገኛ ነገር በብዙ አገር ተገኝቷልና፣ ቢገኝ በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ብቻ ይነሣ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የነጠቀን ሕዝብ ነንና ማንኛውም ግንባታ የጎርፉን መንገድ አስቀድሞ ያጥና። ቶርኖና ስፌት፣ ብየዳና ኮምፒውተር በአንድ አዳራሽ ሲሆኑ ድምፅ፣ ብናኝና ብልጭታ ይቀላቀላሉና ጩኸት የሚበዛበት ሥራ በአንድ ጫፍ፣ ጸጥታ የሚፈልገው በሌላው ጫፍ፣ በመካከል ግድግዳ ይኑር።

እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በኔዘርላንድስ ቲልቡርግ የምትባል ከተማ አለች፤ እንደ ድሬ በጨርቃ ጨርቅና በባቡር ጥገና የኖረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1932 የተሠራው የሎኮሞቲቭ አዳራሿ ሥራ ፈትቶ ነበር። ከተማዋ አላፈረሰችውም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የጋራ የሥራ ቦታና የመሰብሰቢያ አዳራሽ አድርጋ ከፈተችው። ሎክሃል ይሉታል። አሮጌው ሐዲድ ወለሉ ላይ እንዳለ ነው፤ በላዩ ጎማ ያላቸው ትላልቅ ጠረጴዛዎች እየተገፉ ቦታ ይለዋውጣሉ። አዳራሹን በቋሚ ግድግዳ አልከፋፈሉትም፤ ከጣሪያ የሚወርዱ ግዙፍ መጋረጃዎች ሲያስፈልግ ክፍል ይሠራሉ፣ ሲያስፈልግ ይሰበሰባሉ። ያን ሁሉ ስፋት በሙሉ ከማሞቅ ይልቅ ሰው የሚቀመጥበትን ብቻ ያሞቃሉ። ለእኛ ትምህርቱ ተገላቢጦሹ ነው፤ አዳራሹን ሁሉ ለማቀዝቀዝ ከመድከም ሰው ያለበትን በአየር ማራገቢያና በጥላ እናቀዝቅዝ። ሎክሃልም በተከፈተበት ዓመት በዓለም አቀፍ የሥነ ሕንፃ ውድድር የዓመቱ ምርጥ ሕንፃ ተባለ።

በአውስትራሊያ ሲድኒ የኤቨርሊ ባቡር ወርክሾፖች ቢሮና ሱቅ፣ የቲያትርና የሥዕል ማሳያ ሲሆኑ ከአንጥረኛው ክፍል ከፊሉ ለአንጥረኞች ተትቷል፤ በዚያ ግቢ ብረት መቀጥቀጡ አልቀረም። በፓሪስ ደግሞ መሐንዲሱ ዩጂን ፍሬሲኔ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የሠራው 310 ሜትር የሚረዝም የባቡር ዕቃ አዳራሽ ሊፈርስ ሲል እ.ኤ.አ. በ2012 በቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስቴሽን ኤፍ በሚል ስም የጀማሪ ኩባንያዎች ማዕከል ሆነ። ከፓሪሱ ሕንፃውን የማዳኑን ቁርጠኝነት እንውሰድ፤ አሠራሩ ግን ቱጃር ባለሀብት ከኋላው ያለውና ለቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የታቀደ ነው። ለድሬ የሚስማማት የቲልቡርግ ክፍትነትና የሲድኒ አንጥረኛ አንድ ላይ ናቸው።

ስለ አስተዳደሩ በግልጽ መነጋገር አለብን፤ ብዙ መልካም ሐሳብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተሠሩ ሼዶች ምን እንደ ደረሰባቸው ሁላችንም እናያለን። ለጊዜው ተብሎ የተሰጠው ሼድ የማይለቀቅ ርስት ይሆናል፤ አንዳንዱ ለሦስተኛ ወገን በውድ ይከራያል፤ ሌላው መጋዘን ሆኖ ተቆልፎ ይቀመጣል። ሥራ የሚፈልገው ወጣት ደጅ ላይ ይቀራል። የጋራ የሥራ ቦታ ጥቅሙ ይህን በር መዝጋቱ ነው፤ ሰው የሚያገኘው የመጠቀም መብት እንጂ ግድግዳና ቁልፍ አይደለም። ማሽኑ ላይ ተራ ይይዛል፣ ይሠራል፣ ይከፍላል፣ ለቀጣዩ ይለቃል። ስለዚህ የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

1. የአዳራሾቹ ይዞታ፣ የወለሉና የጣሪያው ደኅንነት፣ የመሬቱ ንጽሕና በገለልተኛ ባለሙያዎች ይጠና፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጽ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይቀመጥ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማኅተም እንዲያደርግ ብቻ አይጠራ።

2. በግቢው ያሉ ማሽኖችና መሣሪያዎች በሙሉ ይመዝገቡ። ቶርኖና ፕሬስ በቁርጥራጭ ብረት ሂሳብ በኪሎ አይሸጥ። ሊጠገን የሚችለው ተጠግኖ ይሥራ፤ የማይችለው በክብር ለዕይታ ይቀመጥ።

3. በአንድ አዳራሽ ይጀመር። መብራት፣ ስሪ ፌዝ መስመር፣ ፋይበር ኢንተርኔት፣ ውኃ፣ ለወንድና ለሴት የተለየ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ዊልቸር የሚገባበት መንገድ ይኑረው። የመጀመሪያው ሲሠራና ትምህርት ሲወሰድበት ሁለተኛው ይከተል። ሁሉን ባንዴ ለመሥራት የሚነሣ ፕሮጀክት ሪባን ተቆርጦ በጀቱ ሲያልቅ ይቆማል።

4. የሚያስተዳድረው ቦርድ አስተዳደሩን፣ የባቡሩን ድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ የሙያ ኮሌጆችንና ራሳቸውን ተጠቃሚዎቹን የያዘ ይሁን። የሥራ ቦታው አባላት በጊዜ የተወሰነ ውል ይኑራቸው፤ መብታቸውን ለሌላ ማከራየት ክልክል ይሁን፤ ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም ዝርዝሩ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መሬቱና ሕንፃው ግን በሽያጭ ከሕዝብ እጅ አይውጣ።

5. ሰዓቱ የድሬ ሰዓት ይሁን። ቀትር ላይ ከተማው ጥላ ፈልጎ እንደሚያርፍ፣ ፀሐይ ስትበርድ ደግሞ እንደሚነቃ እናውቃለን። በማለዳ ይከፈት፣ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ይቆይ። ሴቶች ማታ ሠርተው በሰላም ቤታቸው እንዲገቡ ግቢውና መንገዱ መብራትና ጥበቃ ይኑረው፤ ሕፃን ያላቸው ደግሞ ልጃቸውን የሚያውሉበት ክፍል ያግኙ።

6. የቀድሞ የባቡር ባለሙያዎች በክፍያ አሠልጣኝ ሆነው ይቀጠሩ። ከአባቶቻችን መካከል ዛሬም እጁ ያልዛለ፣ ዕውቀቱ ያልነጠፈ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ጀበና ዙሪያ ተቀምጦ ታሪክ ብቻ እንዲነግረን መተው ብክነት ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ንድፉን፣ አዛውንቱ ብረቱን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቁሙ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከአንድ ቋት መጠበቅን መተው ነው። ለወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጠራ በየዓመቱ የሚመደብ በጀት አለ፤ ከእሱ የተወሰነው አዲስ ሼድ ከሚሠራበት አሮጌ አዳራሽ ይጠገንበት። ዩኒቨርሲቲው ለተግባር ትምህርት ቦታ ይፈልጋል፤ ይካፈል። በነፃ ቀጠናው ያሉ ድርጅቶች ሠራተኛ ማሠልጠኛ ይፈልጋሉ፤ በሰዓት ይከራዩ። አባላት እንደ አጠቃቀማቸው ይክፈሉ፤ ለጀማሪ ዝቅ ያለ፣ ለተቋቋመ ከፍ ያለ ታሪፍ ይኑር። በውጭ የሚኖሩ የድሬ ልጆችም ብዙ ናቸው፤ ገንዘባቸው የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ የታተመ ሂሳብ ካዩ እጃቸው አይታጠፍም።

ለባቡሩ ንብረት ኃላፊዎች አንድ ቃል አለኝ። ግቢውን በዚህ ሁሉ የመከራ ዘመን ጠብቃችሁ እዚህ ያደረሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ደመወዝ በዘገየበት ጊዜም ማሽኑን ዘይት ቀብታችሁ ያቆያችሁ አላችሁ። የምንጠይቃችሁ እንድትለቁ አይደለም። አሁንም የሚሠራው የጥገና ክፍል ይሥራ፣ የሚጎበኘው ይጎብኝ፤ የተቆለፈው ግን ይከፈት፣ ከሚከፈተውም ኪራይ ድርጅታችሁ ድርሻ ያግኝ።

ለድሬ ሕዝብም እላለሁ፦ ይህ ጉዳይ የመጋላም የከዚራም፣ የለገሃሬም የገንደ ቆሬም ነው። በዚያ ወርክሾፕ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና አደርኛው ከፈረንሳይኛ የመሣሪያ ስም ጋር ተቀላቅሎ ሲነገር ኖሯል፤ ሰው ሰውን ያወቀው አብሮ ሲሠራ ነው። ወጣቶቻችን ዛሬ አብረው የሚቀመጡበት ቦታ አላጡም፤ አብረው የሚሠሩበት ግን የላቸውም። እንግዲህ ሐሳቡን የምትደግፉ በጽሑፍ ደግፉ፤ የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አቅርቡ፤ ሙያ ያላችሁ ደግሞ በጥናቱ ውስጥ ለማገልገል ስማችሁን አስመዝግቡ።

ከአስተዳደሩ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው፦ ይህ ዓመት ሳያልቅ የሕዝብ ውይይት እንዲጠራ፣ ጥናቱን የሚያካሂድ ቡድን እንዲሰየም፣ ጥናቱ እስኪጠናቀቅም በግቢው ካለው ሕንፃም ሆነ ማሽን አንዳች እንዳይፈርስና እንዳይሸጥ የጽሑፍ ትእዛዝ እንዲወጣ። ሦስቱም በእጃችሁ ያሉ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ገንዘብ ጥቂት ነው። ትእዛዙ ነገ ሊፈረም ይችላል፤ እኛም መልሳችሁን በዚሁ ግልጽነት በይፋ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቶርነሪ ልጅ፣ የማሽን ዕቃ ነዳፊ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለቅርስ ባለሥልጣን
ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ
ለከተማው የሙያና ቴክኒክ ኮሌጆች